ሌውኮንና የአቴንስ እህል፦ 400,000 ሜዲምኖስ ስንት ኩንታል ነው? ወዳጅነቱስ እንዴት ይሠራ ነበር?

ብራና (ጥያቄ)

ሰላም። በጥቁር ባሕር ሰሜናዊ ዳርቻ ስለነበረው የቦስፖሮስ ገዥ ስለ ሌውኮን፣ ከአቴንስ ጋርም ስለነበረው ወዳጅነት የሚያውቅ ካለ አራት ነገር እንዲያጠራልኝ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በየጽሑፉ «የአቴንስ አጋር» ይባላል፤ ነገር ግን ጦር አዋጥቶ ከአቴንስ ጎን ሲዘምት አይታይም። ታዲያ አጋርነቱ በምን ይገለጻል? ሁለተኛ፣ የላከው እህል አንዱ ጋ 400,000፣ ሌላው ጋ 2,100,000 ሜዲምኖስ ተብሎ ተጽፏል። የትኛው ይያዝ? በኩንታልስ ስንት ይሆናል? ሦስተኛ፣ «ከቀረጥ ነፃ» የተባለው በገንዘብ ሲተመን ስንት ነው፤ ጥቅሙስ ማን ኪስ ገባ? አራተኛ፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ እያላት አቴንስ ለምን ደጋግማ ተራበች?

ሚዛን

ከቦታው ልጀምር፤ ካርታ ላይ ስሕተት የሚመጣው ከስሙ ነው። ቦስፖሮስ የሚባሉ ሁለት የባሕር ሰርጦች አሉ። አንዱ ዛሬ ኢስታንቡል ያለችበት ነው። የሌውኮን አገር ያለው ግን በሌላኛው፣ በክራይሚያ ምሥራቃዊ ጫፍ ጥቁር ባሕርንና የአዞቭን ባሕር በሚያገናኘው በከርች ሰርጥ ግራና ቀኝ ነው። መናገሻው ፓንቲካፓይዮን የዛሬዋ ከርች ናት። እህል የጫነ መርከብ ከዚያ ተነሥቶ በኢስታንቡሉ ሰርጥ ማለፍ ስላለበት ሁለቱ ስሞች በአንድ ታሪክ ውስጥ ይገባሉ፤ አንባቢም ያምታታቸዋል።

ዓመታቱን ደግሞ ሁሉንም ከክርስቶስ ልደት በፊት አድርገው ያንብቡ። ሌውኮን የገዛው ከ389/8 እስከ 349/8 ነው። በእዝባር የሚጻፈው የአቴንስ ዓመት በበጋቸው አጋማሽ ስለሚብት ነው፤ እንደ እኛው ዓመት ሁለት የፈረንጅ ዓመት ይረግጣል። አባቱ ሳቲሮስ የሞተው ቴዎዶስያ የተባለችውን የወደብ ከተማ ከቦ ሳለ ነው። ከተማዋን በኋላ የያዛት ሌውኮን ነው፤ ሁለተኛ የእህል መጫኛ ወደብ ያደረጋትም እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 400,000 የሚለው የአቴንሱ ተናጋሪ የዴሞስቴነስ ነው። በ355/4 ሌፕቲኔስ የተባለ ሰው ያወጣውን ሕግ ሲቃወም በፍርድ ሸንጎ ፊት ተናግሮታል፤ የማያምን ካለ ከእህል ተቆጣጣሪዎቹ መዝገብ ማየት ይችላል ብሎም ጨምሯል። ከጥቁር ባሕር የሚገባው እህል ከሌሎች ወደቦች ሁሉ ተደምሮ ከሚመጣው ጋር እኩል ነው ይላል። ጠበቃ ነውና ቁጥሩን ለክርክሩ በሚያመች በኩል ማጠጋጋቱ አይቀርም። ቢሆንም ሰሚዎቹ መዝገቡ በእጃቸው ያለ ሰዎች ስለሆኑ ብዙ ሊያጋንን አይችልም።

2,100,000 የሚለው የመልክዐ ምድር ጸሐፊው የስትራቦን ነው። እሱ የጻፈው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ከቴዎዶስያ ለአቴንስ ተላከ ይላል እንጂ «በዓመት» የሚል ቃል የለበትም። የአንድ ዓመት አድርጎ መውሰድ ከሒሳብ ጋር ያጋጫል። አንድ ሜዲምኖስ 48 ቆይኒክስ ነው፤ የአንድ ጎልማሳ የቀን ድርጎ አንድ ቆይኒክስ ነው። በዚህ ሒሳብ፦

400,000 × 48 ÷ 365 = 52,600 ሰው ገደማ ዓመቱን ሙሉ ያበላል።
2,100,000 × 48 ÷ 365 = 276,000 ሰው ገደማ።

ሁለተኛው ቁጥር የአንድ ዓመት ከሆነ መላውን አቲካን ከነባሪያው፣ ከነመጻተኛው ያጠግባል፤ ሌላ እህል ማስገባትም ማረስም ባላስፈለገ ነበር። መርከቡንም ያስቡት። አንድ መርከብ 3,000 ሜዲምኖስ ይጭናል ብንል 700 መርከብ ይጠይቃል። 400,000ው ግን 133 መርከብ ነው፤ ይህ ለዚያ ዘመን የሚታመን ነው። ስለዚህ የስትራቦንን ቁጥር የብዙ ዓመት ድምር አድርጎ መያዝ ይሻላል፤ በ400,000 ሒሳብ የአምስት ዓመት ከሩብ ጭነት ይሆናል።

ኩንታሉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜዲምኖስ የስፍር መለኪያ ነው እንጂ የክብደት አይደለም፤ 52 ሊትር ገደማ ይይዛል። ብዙ ሰው አንድ ሜዲምኖስ ስንዴ 40 ኪሎ ብሎ ያሰላል፤ በዚህ 400,000ው 160,000 ኩንታል ይሆናል። ግን በ374/3 አቴንስ ያወጣችው የእህል ግብር ሕግ በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷል። እዚያ ላይ ስንዴ ሲመዘን የሜዲምኖስ አምስት ስድስተኛ አንድ መክሊት ይሁን ይላል። መክሊት 26 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አንድ ሜዲምኖስ ስንዴ 31 ኪሎ ብቻ ይመጣል፤ ገብስ ደግሞ ሜዲምኖሱ አንድ መክሊት ነው። በ31 ኪሎ ሲሰላ 400,000ው 124,000 ኩንታል ነው። ሕጉ እህሉ ደረቅና ከእንክርዳድ የጠራ ይሁን ስለሚል፣ የክብደቱ ማነስ ከቆሻሻና ከእርጥበት መጣ ማለት አያስኬድም። እኔ ብሆን አንድ ቁጥር ብቻ አልጽፍም፤ «ከ124,000 እስከ 160,000 ኩንታል» ብዬ ከየት እንደመጣ ከጎኑ አስቀምጣለሁ።

ቀረጡ ቀላል ነው። በሌውኮን ወደቦች እህል የሚያወጣ ሁሉ ሠላሳኛውን ይከፍላል። ወደ አቴንስ የሚጭን ግን አይከፍልም። ዴሞስቴነስ ሲያሰላ «በ300,000 ላይ 10,000፣ በ100,000 ላይ 3,000 ያህል» ብሎ ይደምራል፤ 13,000 ሜዲምኖስ። በትክክል ቢካፈል 13,333 ነው፤ 333ቱን ለጆሮ እንዲቀል ትቶታል። በጊዜው ደህና የሚባለው ዋጋ አንድ ሜዲምኖስ በ5 ድራክማ (መጽሐፍ ቅዱሳችን «ድሪም» የሚለው) ስለሆነ፣ 13,000ው 65,000 ድራክማ ወይም ወደ 11 መክሊት ይጠጋል። መክሊት በገንዘብ ሲሆን 6,000 ድራክማ ነው።

ኪሱ የገባው በቀጥታ የነጋዴው ነው። 3,000 ሜዲምኖስ የጫነ መርከብ 100 ሜዲምኖስ ይተርፈዋል፤ በአቴንሱ ወደብ በፒሬዎስ ሲሸጠው 500 ድራክማ። ዴሞስቴነስ «ለእናንተ የተሰጠ ስጦታ» እያለ ለሕዝቡ ይናገራል፤ ወደ ሕዝቡ የሚደርሰው ግን ነጋዴዎች ተሽቀዳድመው ሲመጡና ዋጋው ሲወርድ ነው። በፒሬዎስ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ሃምሳኛውን ትቀርጥ ነበር፤ ያኛው ቀረጥ አልተነሣም።

ቀራጺ

ሚዛን የቁጥሩን ስላጠራው እኔ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልሂድ፤ ለእኔ የነገሩ እምብርት እሱ ነው።

«አጋር» የሚለው ቃል አሳሳች ነው። የቃል ኪዳን ጦር አጋርነት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ በ356/5 አቴንስ ከሦስት ትንንሽ ነገሥታት ጋር የተማማለችውን ይመልከት፦ ከትራክያው ኬትሪፖሪስ፣ ከፓይዮንያው ሊፔዮስና ከኢሊርያው ግራቦስ ጋር። እዚያ መሐላ አለ፤ ጠላቱ የመቄዶንያው ፊልጶስ ተብሎ በስም ተጠርቷል፤ ተባብረን እንዋጋለን የሚል ግዴታ አለ። ውጤቱ ግን ምንም ነው። ፊልጶስ ገና ሳይሰናዱ ቀድሞ ደረሰባቸው።

ከሌውኮን ጋር ያለው እንዲህ አይደለም። ትክክለኛው የአማርኛ ቃል ውለታ ነው። እሱ ባለውለታ ነው፤ ከተማዋ ውለታ ትመልሳለች። እሱ ሁለት ነገር ይሰጣል፦ ከቀረጥ ነፃ መውጣትን፣ እንዲሁም ወደ አቴንስ የሚሄድ መርከብ ከሌላው ቀድሞ እንዲጫን የሚያዝ ዐዋጅን። ከተማዋ በምላሹ ለእሱና ለልጆቹ ዜግነት ትሰጣለች፤ ሀብታም ዜጋ ከሚሸከመው የከተማ ወጪ ነፃ ታደርገዋለች፤ ዘውድ ትደፋለታለች። ውሳኔው በሦስት ድንጋይ ተቀርጾ አንዱ በቦስፖሮስ፣ አንዱ በፒሬዎስ፣ ሦስተኛው በሂዬሮን ቆመ። ሂዬሮን ከጥቁር ባሕር ወደ ኢስታንቡሉ ሰርጥ መግቢያ፣ በእስያ በኩል ያለ መቅደስና መቆሚያ ነው። ሦስቱ ቦታዎች መጫኛው፣ ማራገፊያውና መሐል ኬላው ናቸው። መርከበኛው በሄደበት ሁሉ ስምምነቱን በዓይኑ ያየዋል።

ከሌፕቲኔስ ሕግ ጋር ያለው ጠብ ከዚህ የመጣ ነው። ሕጉ ከከተማ ወጪ ነፃ የመሆንን መብት ከሁለት ቤተሰብ በቀር ከሁሉም ይነሣ ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ «ፓንቲካፓይዮን የተቀመጠ ገዥ ለአቴንስ በዓል ወጪ አውጣ አይባል፤ ምን ይጎዳዋል?» ያሰኛል። ዴሞስቴነስ መልሱን ያስቀምጣል፦ ሌውኮን ሁልጊዜ አቴንስ ውስጥ ገንዘብ አለው። መብቱ ከተነሣ አንዱ ተነሥቶ «ወጪውን አንተ ሸፍን፤ አለዚያ ንብረት እንለዋወጥ» ብሎ ሊከሰው ይችላል፤ ገንዘቡም ይያዛል። እሱስ በተራው ለምን ከሠላሳኛው ነፃ ያደርገናል? የውለታ ስምምነት በአንድ በኩል ሲጎድል በሌላውም ይጎድላል።

የሚመጣው ምስክር ከሌውኮን ሞት በኋላ የተቀረጸው ድንጋይ ነው፤ 347/6፣ ፒሬዎስ የተገኘ። ውሳኔውን ያቀረበው አንድሮቲዮን ነው። ከድንጋዩ ራስ ላይ ሦስቱ የሌውኮን ልጆች ተቀርጸዋል፤ ስፓርቶኮስና ፓይሪሳዴስ ተቀምጠው፣ አፖሎንዮስ ቆሞ። ይህ አቀማመጥ ዝም ብሎ አይደለም። ሥልጣን የያዙት ሁለቱ ናቸው። ታናሹን ዘውድ የሚያስጨምርለት በመጨረሻ ላይ ሌላ ሰው፣ ፖሊዩክቶስ፣ ያቀረበው ማሻሻያ ነው።

የጽሑፉን ይዘት በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ልጆቹ እንደ አባታቸው የእህሉን መላክ እንደሚጠብቁ በደብዳቤና በመልእክተኛ አስታወቁ። ሕዝቡ አመሰገናቸው፤ ለሳቲሮስና ለሌውኮን የተሰጠው ሁሉ ለእነሱም ይሁን አለ። ታላቁ ፓናቴናያ የተባለው የአቴና በዓል በተከበረ ቁጥር እያንዳንዳቸው 1,000 ድራክማ የሚያወጣ የወርቅ ዘውድ ይደፋላቸዋል። ዘውዶቹን ልጆቹ ለአምላኪቱ አቴና ስለሚሰጡ ወደ ቦስፖሮስ አይላኩም፤ «የሌውኮን ልጆች በአቴንስ ሕዝብ ዘውድ ተደፍቶላቸው ለአቴና አቀረቡ» የሚል ጽሑፍ ታክሎባቸው ቤተ መቅደሷ ይገባሉ። ማለትም ወርቁ ከአቴንስ አልወጣም! ክብሩ ተጓዘ፤ ወርቁ እዚያው ቀረ። ለድንጋዩ መቅረጫ 30 ድራክማ ተመደበ፤ የሚቆመውም ከሳቲሮስና ከሌውኮን ድንጋይ አጠገብ ነው። ሶሲስና ቴዎዶስዮስ የተባሉት መልእክተኞች ወደ ቦስፖሮስ የሚሄዱ አቴናውያንን ስለሚንከባከቡ ተመሰገኑ፤ በማግስቱ ለግብዣ ተጠሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት አንቀጾች አሉ፤ ብዙ ሰው ይዘልላቸዋል፣ ለእኔ ግን ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። አንደኛው፦ ለሌውኮን ልጆች የሚከፈል ዕዳ አለ። ገንዘባቸውን አግኝተው የአቴንስን ሕዝብ እንዳይወቅሱ፣ ከሃይማኖት ጉዳይ ቀጥሎ የመጀመሪያው አጀንዳ ሆኖ በ18ኛው ቀን ስብሰባ ይቅረብ ይላል። ታላቋ ከተማ የትንሹ ገዥ ባለዕዳ ናት፤ ወቀሳውንም ትፈራለች። ሁለተኛው፦ ልጆቹ የጠየቁት የመርከብ ባለሙያ ይሰጣቸው፤ መልእክተኞቹ የወሰዷቸውን ሰዎች ስም በምክር ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ያስመዝግቡ ይላል። ከአቴንስ ወደ ቦስፖሮስ የሄደው ጦር ሳይሆን የሠለጠነ የባሕር ሰው ነው። «አጋርነቱ በምን ይገለጻል» ላሉት መልሱ ይኸው ነው፤ እህል ወዲህ፣ የባሕር ሙያና ክብር ወዲያ።

ማዕረጉንም ልብ ይበሉ። ሌውኮን በግሪክ ከተሞች ላይ «የቦስፖሮስና የቴዎዶስያ አርኮን» (ሹም)፣ በዙሪያው ባሉት ነገዶች ላይ ደግሞ «የሲንዶይ፣ የቶሬታይ፣ የዳንዳርዮይና የፕሴሶይ ንጉሥ» ይባላል። ዝም ብሎ «ንጉሥ ሌውኮን» ብሎ መጻፍ ግማሹን ብቻ መያዝ ነው።

ብራና

ሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር አልገባኝም። ቀረጡ በድራክማ ስለሚቆጠር ይገባኛል፤ «ቀድሞ መጫን» ግን ምኑ ነው ትልቅ ውለታ? ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ቢል እህሉ ያው ይደርስ የለም እንዴ?

መልሕቅ

አይደርስም፤ ወይም ከደረሰም በሌላ ዋጋ ነው። በባሕር ንግድ ወረፋ ገንዘብ ነው።

ጉዞውን ይከተሉ። ነጋዴው በአቴንስ ገንዘብ ይበደራል። የብድር ውሉ በሙሉ የደረሰን አንድ አለ፤ በላክሪቶስ ላይ በቀረበው ክስ ውስጥ ተነቧል። ብድሩ 3,000 ድራክማ፣ መያዣው 3,000 እንስራ የሜንዴ ወይን ነው። መንገዱ ከአቴንስ ወደ ሜንዴ ወይም ስኪዮኔ፣ ከዚያ ወደ ቦስፖሮስ፣ ከፈለጉ በግራ በኩል እስከ ቦሪስቴኔስ (የዛሬው ዲኒፐር) ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አቴንስ መመለስ ነው። ወለዱ በሺው 225 ነው። ግን አርክቱሩስ የተባለው ኮከብ ከወጣ በኋላ ከጥቁር ባሕር ወደ ሂዬሮን የሚጓዙ ከሆነ ወለዱ በሺው 300 ይሆናል። ኮከቡ ንጋት ላይ መታየት የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር መስከረም ከጠባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

ለ3,000 ድራክማ የመጀመሪያው 675 ነው፤ ሁለተኛው 900። ልዩነቱ 225 ድራክማ፣ በ5 ድራክማ ሒሳብ 45 ሜዲምኖስ እህል ነው። አበዳሪው ያን ያህል የሚጨምረው ያለምክንያት አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ አየሩ ይከፋል፣ መርከብ ይሰበራል፣ መያዣውም አብሮ ይሰጥማል። መርከቡ ከሰጠመ ተበዳሪው አይከፍልም፤ ኪሳራው የአበዳሪው ነው። ስለዚህ ወለዱ ውስጥ የአደጋው ዋጋ አለ።

እንግዲህ የመዘግየቱን ምክንያት ይመልከቱ። በኢስታንቡሉ ሰርጥ የላይኛው ውኃ ከጥቁር ባሕር ወደ ደቡብ ይፈስሳል። በፈረንጅ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በኤጌ ባሕር ላይ የሰሜን ነፋስ ይበረታል። ወደ ላይ የሚሄደው መርከብ ሁለቱንም እየተጋፈጠ ይጓዛል፤ ሲመለስ ግን ሁለቱም ይገፉታል። መሄጃው ረዥም፣ መመለሻው አጭር ነው። የታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶሮስ ከአዞቭ ባሕር የተነሣ የጭነት መርከብ ነፋስ ከቀናው በ10 ቀን ሮድስ ይገባል ይላል፤ ከሮድስ እስክንድርያ 4 ቀን፣ ከዚያ በዓባይ ሽቅብ ኢትዮጵያ ለመድረስ ሌላ 10 ቀን። እሱ ኢትዮጵያ የሚለው ከአስዋን በላይ ያለውን የኑብያን አገር ነው፤ ቢሆንም ከስኩቴስ ብርድ እስከዚያ ሙቀት 24 ቀን ብቻ መሆኑ ያስደንቀው ነበር።

ስለዚህ መርከቦቹ ፓንቲካፓይዮን ዘግይተውና ተጠጋግተው ይደርሳሉ። ወይኑን መሸጥ፣ እህሉን መግዛት፣ ማስፈርና መጫን አለባቸው። ሁሉም ኮከቡ ሳይወጣ ሂዬሮን መድረስ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ «ወደ አቴንስ የሚሄደው ይቅደም» የሚል ዐዋጅ የማን ወለድ 225፣ የማን 300 እንደሚሆን ይወስናል። እህል ባነሰበት ዓመት ደግሞ ይብሳል፤ ኋላ የቀረው ባዶውን ይመለሳል። ይህ ግምት አይደለም። በሳቲሮስ ዘመን በእህል እጥረት የሌሎቹ መርከቦች ባዶአቸውን ሲሰናበቱ ለአቴንስ መላክ ተፈቅዶ እንደነበር በኢሶቅራጥስ የተጻፈው የባንክ ክርክር ይናገራል። ሌውኮን ደግሞ በየአገሩ እጥረት በሆነበት ዓመት የላከው አቴንስን አጥግቦ ተርፎ 15 መክሊት ትርፍ አስገኝቷል፤ ገንዘቡን ያስተዳደረው ካሊስቴኔስ ነበር።

አራተኛው ጥያቄ፣ ለምን ተራበች? ሌውኮን የሚያዝዘው መጫኛው ላይ ነው። መንገዱ ላይ አያዝም። ከሂዬሮን በኋላ ሁለት ጉሮሮ አለ፤ የቢዛንጥዮኑ (የኢስታንቡሉ) ሰርጥና የዳርዳኔልስ። እዚያ የቆመ ሁሉ አቴንስን ማነቅ ይችላል። በ405 የስፓርታው ሊሳንድሮስ ዳርዳኔልስ ላይ የአቴንስን መርከቦች ማረከ፤ ከተማዋ ተርባ እጅ ሰጠች። በ387 አንታልኪዳስ ያንኑ መንገድ ዘግቶ ወደ ሰላም ድርድር አስገደዳት። ከዚያ ቀደም ብሎ የስፓርታው ንጉሥ አጊስ በአቲካ ከያዘው ምሽግ ከዴኬሌያ ሆኖ የእህል መርከቦች ወደ ፒሬዎስ ሲጎርፉ ሲያይ፣ የባሕሩ በር ካልተዘጋ አቴናውያንን እርሻቸውን መከልከል ከንቱ ነው ማለቱ ተጽፏል።

ወዳጅ ከተሞችም ይጠልፉ ነበር። በ362 ቢዛንጥዮን፣ ኬልቄዶንና ኪዚቆስ የራሳቸው እህል ስላነሰ የሚያልፈውን መርከብ በግድ ወደ ወደባቸው እያስገቡ ያራግፉ ነበር። አቴንስ የጦር መርከብ ልካ አጀበች፤ ከአዛዦቹ አንዱ ሂዬሮን ላይ 45 ቀን ሙሉ ቆሞ ከአርክቱሩስ በኋላ የሚወጡት መርከቦች እስኪያልፉ ጠብቋል። የዚያን ያህል ጊዜ የቀዛፊ ድርጎና ደመወዝ የከተማዋ ወይም የአዛዡ ወጪ ነው። «ነፃ» የተባለው እህል ይህ ሁሉ ሲደመርበት ነፃ አይደለም።

ትልቁ ጉዳት በ340 ደረሰ። መርከቦቹ ሂዬሮን ላይ ተሰብስበው ሳለ የአጀቡ አዛዥ ካሬስ ከፋርስ ንጉሥ የጦር አለቆች ጋር ለመነጋገር ዞር አለ። ፊልጶስ ወታደሮቹን በእስያ በኩል አሻግሮ መርከቦቹን ያዘ። ከታሪክ ጸሐፊዎቹ ፊሎኮሮስ 230፣ ቴዎፖምፖስ 180 ነበሩ ይላሉ። ከእህሉ ሌላ ቆዳና ገንዘብም ነበር፤ 700 መክሊት አስገኘለት፤ የመርከቦቹን እንጨት ደግሞ ለምሽግ ማፍረሻ መሣሪያ ዋለው። 700 መክሊትን ለ230 ብናካፍል ለአንድ መርከብ 18,000 ድራክማ ገደማ ይደርሳል። 3,000 ሜዲምኖስ በ5 ድራክማ 15,000 ስለሆነ ሚዛን ከላይ የገመተው የመርከብ ልክ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ሚዛን

መልሕቅ ያነሣው ደስ የሚል ማረጋገጫ ነው። አንድ ቀዳዳ ልጨምር። ነፃነቱ የተሰጠው በነጋዴው ዜግነት አይደለም፤ መርከቡ «ወደ አቴንስ ነው የምሄደው» በማለቱ ነው። ይህ ለማጭበርበር በር ይከፍታል። በ327/6 ገደማ በተደረገ ክርክር ላምፒስ የተባለ መርከበኛ ይከሰሳል። ፓይሪሳዴስ ወደ አቴንስ የሚጭን ከቀረጥ ነፃ ይሁን ብሎ ሲያውጅ፣ ላምፒስ በዚያ ዐዋጅ ትልቅ መርከብ ሞልቶ ጫነ፤ ወስዶ የሸጠው ግን በሌላ የግሪክ ከተማ፣ አካንቶስ ላይ ነው። ሚስትና ልጆቹ አቴንስ ይኖሩ ነበር።

አቴንስ ይህን ለመድፈን ከራሷ በኩል ሦስት ሕግ ነበራት። በአቴንስ የሚኖር ሰው እህል ወደ ሌላ ወደብ ቢያጓጉዝ ከባድ ቅጣት አለው። እህል ወደ አቴንስ ለማያመጣ መርከብ ማበደር ክልክል ነው። ወደ ፒሬዎስ ከገባው እህል ሁለት ሦስተኛው ወደ ከተማው እንዲወጣ የወደብ ተቆጣጣሪዎች ያስገድዳሉ። ስለዚህ ገዥው የማይደርስበትን መጨረሻ የአቴንስ ፍርድ ቤት ይይዘዋል። ባለ 16 ድራክማ ዋጋ በታየበት የእጥረት ጊዜ በ5 ድራክማ የሸጡ ነጋዴዎችም በዚያው ክርክር ላይ ያን ውለታ ቆጥረው ሲመኩ እናያለን።

ብራና

በጣም ግልጽ ሆነልኝ። በሠንጠረዥ ላስቀምጠው ነው። «የወርቅ ዘውድ፦ በዓመት 2,000 ድራክማ» ብዬ ከ65,000ው ጋር ላነጻጽር?

ቀራጺ

«በዓመት» የሚለውን ያውጡት። ታላቁ ፓናቴናያ በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ የሁለቱ ዘውድ 2,000 ድራክማ ለአራት ዓመት ሲካፈል በዓመት 500 ነው። የአፖሎንዮስ ከተጨመረ 750። ዘውዱን የሚያሠሩት የውድድሩ አዘጋጆች ከበዓሉ አንድ ዓመት ቀድመው ስለሆነ ወጪው የሚውለው በዋዜማው ዓመት ሒሳብ ላይ ነው። በ347/6 ደግሞ ገንዘቡ ለጊዜው ከጦር ሠራዊቱ በጀት ይሰጥ ተብሏል፤ ይህንንም በማስታወሻ ያስገቡት።

ከዘውዱ ጎን ሌላ ዓምድ ካለዎት የነሐስ ሐውልቶቹን ይጨምሩ። ዴሞስቴነስ ለፓይሪሳዴስ፣ ለሳቲሮስ (ከሌውኮን አባት ለሌላው)ና ለጎርጊፖስ በገበያው አደባባይ ሐውልት እንዲቆም አድርጓል። ተናጋሪው ዴይናርኮስ በ323 ሲከሰው እነዚህን ሰዎች «አምባገነኖች» እያለ፣ በየዓመቱ 1,000 ሜዲምኖስ ስንዴ ይልኩለት ነበር ይላል። የከሳሽ ቃል ስለሆነ «ተብሎ ተከሷል» ብለው ይጻፉት። 1,000 ሜዲምኖስ በሚዛን ሒሳብ ከ310 እስከ 400 ኩንታል ነው፤ በቀን አንድ ቆይኒክስ 131 ሰው ዓመቱን ያበላል።